የአቅላጩ ጆሮ

አቅላጩ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራው በጆሮው ነው። የብረት ማቅለጫው ምድጃ ሲጀምር ያጓራል። ሦስቱ የግራፋይት ዘንጎች ወደ ቁርጥራጩ ብረት ወርደው ኤሌክትሪኩ ሲፈነጥቅ ሰው ከጎኑ ያለውን እንኳ አይሰማም። ብረቱ እየቀለጠ ሲሄድ ጩኸቱ ይወርዳል። ወርዶ ወርዶ እንደ ንብ ቀፎ እምም ሲል ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ክዳኑ ይነሳል፣ ሁለተኛው ቅርጫት ብረት ይራገፋል። መቆጣጠሪያው ላይ የሚነበብ ቁጥር አለ፤ እሱ ዞር ብሎም አያየውም። አለቆቹ "አንተ እያለህ ለቁጥሩ ማን ደንታ አለው?" ይሉት ነበር።

ጆሮው መክዳት የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ቀድማ ያወቀችው ሚስቱ ናት። "ግድግዳ ነው እንዴ ያገባሁት?" ትለው ነበር። ኋላ ቀልዱን ተወችው።

ፋብሪካ ውስጥ ያወቀው ረዳቱ ብቻ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው። ለማንም አልተነፈሰም። ጊዜው ሲደርስ ትከሻውን መታ ያደርገዋል፣ አቅላጩ እጁን ያነሳል፣ ቅርጫቱን የተሸከመው ክሬን ይመጣል። ጆሮው የደከመ ሠራተኛ እንደሚሰናበት ሁለቱም ያውቃሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ረዳቱ በምድጃው በር በኩል ውስጡን ሊያይ ወረደ። ብቻውን የቀረው አቅላጭ ጩኸቱ የወረደ መሰለው። አልወረደም። እጁን አነሳ።

"ቆይ! ገና ነው! አልቀለጠም!" ረዳቱ እየጮኸ ደረጃውን በሩጫ ወጣ። ክዳኑ ተነስቶ ነበር። አዲሱ ብረት ባልቀለጠው ላይ ተራገፈ፣ ከምድጃው አፍ በላይ ተቆለለ። ክዳኑ ሲመለስ አንዱ ዘንግ ለሁለት ተሰበረ። ሰው አልተጎዳም። ምድጃው እስከ ማታ ቆመ።

የፈረቃው አለቃ ሁለቱንም ቢሮ ጠራቸው።

"ውስጡን አይቶ መናገር ያንተ ሥራ ነው" አለው ረዳቱን።

"አይቻለሁ። ጮኼም ተናግሬያለሁ።"

አለቃው ወደ አቅላጩ ዞሮ በቁጣ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ጮኋል?"

አቅላጩ የአለቃውን ጠረጴዛ አየ።

"ምንም አላለም።"

"ጋሼ!" አለ ረዳቱ። ስለ አቅላጩ ጆሮ አንድ ቃል ቢናገር ይድን ነበር። አልተናገረም።

እዚያው አሰናበቱት። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቦቲውን በፌስታል ከትቶ አቅላጩ ፊት ቆመ። ከንፈሩ እንዲነበብ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"እኔን ተወኝ። ለሚተካኝ ሰው ግን ንገረው። አለዚያ አንድ ቀን ሰው ታቃጥላለህ።"

"እሺ" አለ አቅላጩ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ለምን እንዳመሸ ጠየቀችው። ያልሰማ መሰለ።

ሐሙስ ዕለት ከሌላ ፈረቃ የተዛወረ አዲስ ረዳት መጣ፤ አፉ የማያርፍ፣ ሳቂታ ሰውዬ። አቅላጩ አጠገብ ቆሞ አንድ ነገር ጠየቀ። መልስ ሲያጣ ጠጋ ብሎ ደገመለት።

"ጋሼ፣ ጆሮህ ዝነኛ ነው አሉ! እኔ ታዲያ ምኑን ልጠብቅ?"

አቅላጩ ጓንቱን አጠለቀ።

"ምንም። የእጄን ምልክት ብቻ ተከተል።"