ትከሻው ላይ የቀሩት ጣቶች

ሥራ ቦታ «መቀስ» ይሉኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ቪዲዮ ስቆርጥ ኖሬያለሁ፤ ሰው ተናግሮ ትንፋሽ ሲስብ የቱ ጋ መቁረጥ እንዳለብኝ ጣቴ ራሱ ያውቃል። ግራፊክስ፣ ምስል በምስል ላይ መደረብ የሚሉትን ግን ንቄው ነበር። የግራፊክስ ባለሙያዋ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው። ቅዳሜ ቅዳሜ ላስተምርህ ስትለኝ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ» ብዬ ክፍሉን አሳቅሁባት። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ግን እሷ ትሠራዋለች፣ ለደንበኛው እኔ ሠራሁት እላለሁ። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የኔ በምላስ ነበር።

ታላቅ እህቴ ልጇን የዳረችው ባሏ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው። እትዬ ያሳደገችኝ ናት፤ አንድ ነገር ለምናኝ አታውቅም። በሠርጉ ቪዲዮ ላይ ባሏን ከሙሽራዋ ጎን እንዳቆምላት ጠየቀችኝ፤ ልጅቷ አባቷን አጠገቧ እንድታየው። ይቺማ ምን አላት አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

የግራፊክስ ባለሙያዋ እረፍት ወጥታ ነበር፤ ደውዬ እንዳልጠይቃት ኩራት ያዘኝ። ከአንድ የድሮ የቤት ቪዲዮ ላይ ሟቹን ሲስቅ አገኘሁት። ዙሪያውን አጥርቶ ማውጣት ስለማልችል፣ በቀጥታ መስመር ከርክሜ ለጠፍኩት። በትንሿ ስክሪን ሳየው ምንም አይልም።

እትዬ ሳሎን፣ ዘመድ በሞላበት፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ጉዴ ፈላ። ሰውየው ከወገቡ በታች የለም። ትከሻው ላይ ደግሞ ባለቤት የሌላቸው አራት ጣቶች ጉብ ብለዋል። ጣቶቹ የእትዬ ነበሩ፤ በድሮው ቪዲዮ ላይ አቅፋው ቆማ ነበር፣ እኔ ነኝ ቆርጬ የጣልኳት። አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሙሽራዋ ተነስታ ወጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እጄን እንዳታጠፋው ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለች እትዬ።

ሳቁ ቆመ። አጎታችን ለካ አስቦበት ነው ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ነውረኛው ደግሞ አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከግራፊክስ ባለሙያዋ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አልሳቀችብኝም፤ ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አራት ወር ፈጀብኝ። ፀጉርን ከጀርባው መለየት፣ ብርሃኑን ማመሳሰል፣ እግር ሥር ጥላ መጣል፣ ሁሉንም እንደ ጀማሪ ተማርኩ። ቪዲዮውን እንደ አዲስ ሠርቼ ወሰድኩ። እትዬ አየችውና አለቀሰች። ያኛውም ጥሩ ነበር እኮ አለችኝ፣ ብቻችንን ሆነን እንኳ ልታሳፍረኝ አልፈለገችም።

ሙሽራዋን አንዴ ብቻ እዪው ብዬ ለመንኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ጋሼ፣ አባቴን ሲሳቅበት አይቻለሁ፤ ይበቃኛል» አለችኝ።