«እኔ እንጃ» ማለት ያፈሩት አባቴ

ወረታ ላይ አማርኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ከማስተምራቸው ውስጥ አንድ የቆየ አጭር ልቦለድ አለ። መንገደኞች ወንዝ ዳር ይደርሱና ውኃው ያሻግር እንደሆነ አንድ ሽማግሌ ይጠይቃሉ። ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ወንዝ ዳር የኖረ ነው። «እኔ እንጃ፣ ዛሬ ገና አልገባሁበትም» ይላቸዋል። ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በትሩን ይዞ፣ ቀድሟቸው ይገባል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ተማሪዎቼ ይስቃሉ። «ቲቸር፣ ሽማግሌ ሆኖ እንዴት አያውቅም?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ደሜ ይፈላል። «ጥበቡ እኮ እሱ ነው! የትናንቱ ወንዝ ዛሬ ሌላ መሆኑን የተረዳ እሱ ብቻ ነው!» የርብን ወንዝ ሙላት እያየ ያደገ የፎገራ ልጅ ይኸ እንዴት ይጠፋዋል?

አባቴ የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ነበሩ። ዘንድሮ ዓይናቸው ስለደከመ እኔ ዘንድ ናቸው። አንድ ቀን ለክፍል ስዘጋጅ «እስኪ ለእኔም አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብሁላቸው። ሲያልቅ «ምነው ይኸን ሰውየ ያኔ ባወቅሁት» አሉ።

ያኔ ያሉት መቼ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ አውቀዋለሁ። አንድ ክረምት ጎርፉ የሁለት ወንድማማቾችን የድንበር ድንጋይ በደለል ቀበረው። ውኃው ሲሸሽ አባቴ ተጠሩ። እኛ ዘንድ ድንበር ሲጠፋ የታመነ ሽማግሌ በትሩን ይተክላል፣ ከተከለ ወዲያ ክርክር የለም። ሜዳው ሁሉ ጭቃ ነበር፣ አባቴም ድንበሩን አላወቁትም። ሰው ሁሉ ዓይን ዓይናቸውን ሲያይ ግን አፈሩና በትራቸውን ተከሉ። ታናሹ መሬቱ ተቆረሰበት። ለየኔታ ክብር ሲል አልተከራከረም፤ ከወንድሙ ጋር ግን ዓይንህን ላፈር ተባባሉ። ኋላ ለሩዙ ቦይ ሲቆፈር ድንጋዩ ከታላቁ ማሳ ውስጥ ወጣ። ታላቁ ያን ጊዜ ሞቶ ነበር።

«ታናሹ ዘንድ ውሰጂኝ» አሉኝ አባቴ። በባጃጅ ሄድን።

ታናሹ ከደጁ ላሞቹን ውኃ ያጠጣ ነበር። ሲያያቸው ሮጦ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ከለከሉት። «ያን ቀን አላወቅሁትም ነበር፣ ልጄ። እኔ እንጃ ማለት አፈርሁ» አሉት።

«መሬቱስ ይቅር፣ የኔታ፤ ተመልሶልኛል» አለ። «ወንድሜን እኮ አልቀበርሁትም። አስከሬኑ ሲያልፍ ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥሁ። አሁን መቃብሩ ላይ ወድቄ ብለምነው ይሰማኝ ይሆን?»

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ሐዘንተኛ ሲያጽናኑ የኖሩ ናቸው፤ ቃል አጥሯቸው አያውቅም። አሁንም አንድ ነገር ይሉታል ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉት። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ በትራቸውንም በዳበሳ አነሱ። «ና ምራኝ፣ አብረን እንለምነው።»

ተደጋግፈው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሄዱ እኔ ከላሞቹ አጠገብ ቆሜ አለቀስሁ። ምናለ ያችን ቃል ያኔ ቢሏት ኖሮ!