ለንብ ሲባል ዝም ያለ ቤት

አራስ ሆኜ እናቴ ቤት በተኛሁበት ዓመት የአባቴ ንቦች ኮበለሉ። ከሸዋ ሮቢት በባጃጅ ብዙም በማይርቀው መንደራችን ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ንብ ጠብ ባለበት ቤት አትቀመጥም ይባላል። ቀፎው ባዶ ቀረ ማለት አባወራው ከሚስቱ ጋር አይስማማም ማለት ነው። መንደሩ ግን ይህን ለማወቅ ንብ አላስፈለገውም፤ አባቴና እናቴ ሲጨቃጨቁ መስጊድ ድረስ ይሰማል።

እኔ ያባረራቸው የሽንኩርት መድኃኒት ነው አልኩ። ወንዙ ዳር ያለው ማሳ ሁሉ በሽንኩርት ተይዟል፤ ርጭቱም እረፍት የለውም። ማን ሰምቶኝ። አባቴን ያንገበገበው ደግሞ ማሩ አልነበረም። አያቱ አሊዩ አምባ ገበያ ድረስ ማር በበቅሎ ይጭን የነበረ ሰው ነው። ያኔ ተራራው ሥር ሁሉ ግራር ስለነበር፣ ሰው የሰቀለውን ቀፎ ብዛት ራሱም አያውቀውም ነበር ይላል። ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረው ንብ እሱ እጅ ላይ ሊያልቅ ሆነ። ይህን ሲያስብ ምግብ አይወርድለትም።

ክረምቱ ወጥቶ ማሾው ሲያብብ፣ የንብ መንጋ ቤት ፍለጋ የሚዞርበት ጊዜ ደረሰ። አባቴ አዲስ ቀፎ ሠርቶ በእበት ለቀለቀ፣ በወይራ አጠነ፣ ጓሮ ካለው ግራር ላይ ሰቀለ። ከዚያ ሰብስቦን፣ መንጋው ኢንሻአላህ እስኪገባ ድረስ በዚህ ግቢ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ እንዳይኖር ብሎ አወጀ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማች። እኔ አውቃታለሁ፤ እሷ አንገቷን ስትደፋ መጠንቀቅ ነው።

በማግስቱ የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ይቀየርልኝ አለች። አባቴ ሊጮህ አፉን ከፈተ። እሷ በአገጯ ወደ ግራሩ አመለከተችው። አፉን ዘጋ፤ ቆርቆሮው ተቀየረ። ቀጥሎ ከማጀቴ ከተማ እህቷን አስመጣች። አባቴ አክስቴን አይወዳትም፤ ስለ አረማመዱ ሳይቀር አስተያየት ትሰጣለችና። የመመለስ ሐሳብ ያላት በማይመስል ሻንጣ መጣች። እሱም ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፈገግ እያለ እንኳን ደህና መጣሽ አላት። ልጄ ሲያለቅስ ደግሞ በር ላይ ቆሞ፣ ይሄስ ይቆጠር ይሆን ወይ ብሎ ይጨነቃል። እናቴ የሕፃን ለቅሶ ጠብ አይደለም ብላ ፈረደች።

መጮህ ሲከለከሉ ማውራት ጀመሩ። እሱ እንዴት አደርሽ ይላታል፣ መልሷንም ቆሞ ይሰማል። እሷ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ከግድግዳው ወዲያ ሲንሾካሾኩ እየሰማሁ አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

አንድ ረፋድ ላይ መንጋው ከወንዙ በኩል እየጮኸ መጣ። አባቴ በሽርጡ ሮጦ ወጥቶ፣ አፈር ወደ ላይ እየበተነ «እረፊ፣ እረፊ» እያለ ንቧን ይለምናት ጀመር። ግራራችንን ዞረችው፤ ዝቅም አለች። ከዚያ አጥሩን ተሻግራ ጎረቤታችን ጓሮ ከተጣለ ስንጥቅ ጋን ውስጥ ገባች። የዚያ ቤት ባልና ሚስት በዚያች ሰዓት፣ አህያዋን በደንብ ያላሰራት ማን ነው በሚል መንደሩን ቀውጢ አድርገውት ነበር። ንብ መግባቷንም አላዩም።

አባቴ አጥሩ ሥር ብዙ ቆመ። አንጀቴን በላኝ። ተመልሶ መሰላሉን ግራሩ ላይ አስደግፎ ወጣ። አክስቴ፣ አሁን ጭቅጭቁ ይጀመራል ብላ ሻንጣዋ ወዳለበት አየች። እናቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ ከማድ ቤት ወጣች።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«ቀፎውን ላወርደው ነዋ። ጠብ ለንብ ምኗም እንዳልሆነ አላየሽም?»

እናቴ መሰላሉን በሊጥ እጇ ያዘችው። ድምፅዋ እንደዚያ ሲያንስ ሰምቼ አላውቅም።

«አታውርደው» አለች። «እሷ ባትመጣም፣ እኔ እንዲህ ማውራታችንን ለምጄዋለሁ።»

አባቴ ቁልቁል አያት። ከዚያ የፈታውን ገመድ መልሶ አጠበቀው።