የሶላሩ ብርድ ልብስ

በታኅሣሥ ሰፈራችን ሳሊተ ምሕረት ሲነጋጋ አመዳይ ይጥላል። ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጎቴ ጋሼ ጣሪያ ላይ ይወጡና የሶላር ማሞቂያውን ውሃ አንጠፍጥፈው፣ ቧንቧውን በአሮጌ ብርድ ልብሳቸው ይጠቀልሉት ነበር። «መውጫ ያጣ ውሃ በረዶ ሲሠራ ብረት ይሰነጥቃል» ይሉኛል። እኔን አንድም ቀን አላስወጡኝም፤ ሥራዬ ከታች ሆኜ መሰላል መያዝ ነበር። «እንዳትለቀኝ!» እያሉ ይወርዳሉ።

ዘንድሮ ድንኳን ተክለን ስናለቅስላቸው ሶላሩን ያስታወሰ አልነበረም፤ ቧንቧው ፈነዳ። አስጠግኜ ትናንት ራሴ ወጣሁ። ውሃውን አፍስሼ፣ ብርድ ልብሱን አልብሼው ልወርድ ስል መሰላሉ ተንገዳገደ። ወደ ላይም ወደ ታችም ማለት አቃተኝ።

«ጋሼ፣ ይያዙልኝ!» ብዬ ተጣራሁ።

ኋላ ጎረቤት ሰምቶ አወረደኝ፤ እኔ ግን እስካሁን የወረድኩ አይመስለኝም።