የርግጫ ብስክሌት

እኔ እጄ ከጆሮዬ ይቀድማል፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ባለፈው ሰመር የሠራሁትን ግን እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

እህቴ የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ከኖርዌይ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ድረስ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ልጅቷ እዚያው የተወለደች ናት። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ግን አታፍርም፣ ትሞክራለች። የኔው ጉድ፣ ልጄ፣ በአማርኛ ስጠራው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልኝ።

አንድ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሴቶች ቤቴ ተሰብስበዋል። እህቴ ፎቅ ላይ ሻወር ትወስዳለች። ልጄ ከቤቱ ፊት ድራይቭዌዩ ላይ እስኩተሩን ሲነዳ ቆይቶ ድንገት «ኖ! ኖ!» እያለ ጮኸ። ወዲያው የእህቴ ልጅ እያለከለከች ገባችና ፊቴ ቆማ፣ «አክስቴ፣ ልጅሽን እርግጫ... እሺ በዪኝ» አለች።

ልጄን ልትረግጥልኝ፣ ያውም ፈቃድ ጠይቃ! አንዷ እንግዳ የፈረንጅ አገር ልጅ እንዲህ ነው ብላ አጉረመረመች። ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ ጭኗን ቆነጠጥኳት። አላለቀሰችም፤ አፏን ከፍታ አየችኝ።

እህቴ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ወረደችና በቋንቋቸው ጠየቀቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ። እስኩተር በኖርዌይኛ «ስፓርከሲከል» ነው የሚባለው። «ስፓርከ» በእግር መምታት፣ «ሲከል» ብስክሌት፤ ሲገጣጠሙ የርግጫ ብስክሌት። መሬቱን በእግር እየመቱ ስለሚሄዱበት ነው። ልጅቷ ቃሉን ለሁለት ከፍላ ወደ አማርኛ ስታመጣው «እርግጫ» የሚለው ወጣላት፣ «ብስክሌት» የሚለው ጠፋባት። «የልጅሽን» ለማለትም «ልጅሽን» አለች። እስኩተሩን ልንዳው ነው ያለችኝ። ከእኔ ጋር ለማውራት ብላ ዓመቱን ሙሉ አማርኛ ስትማር ነው የከረመችው።

አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እኛ «እስኩተር» ብለን ተውሰን ቁጭ ብለናል፤ እሷ የአማርኛ ስም ልታወጣለት ስትሞክር ቆነጠጥኳት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እኔ የነከስኩት ልጅ ነው።

ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላደግሁም። በይቅርታ ፈንታ አይስክሬም ገዛሁላት፣ የራሷን እስኩተር ገዛሁላት። ነዳችው፤ ግን በቀሩት ቀናት አንድ የአማርኛ ቃል ከአፏ አልወጣም። ስጠይቃት ራሷን ትነቀንቃለች፣ በቃ።

የሚሄዱ ዕለት ኤርፖርት ውስጥ ተንበረከክሁና፣ «አክስትሽን ይቅር በያት፣ እሺ?» አልኳት።

ተንጠራርታ በእናቷ ጆሮ አንሾካሾከች። እህቴ ዓይኔን ሳታይ ተረጎመችልኝ።

«‘በአማርኛ ከመለስኩላት ትቆነጥጠኛለች ወይ?’ ነው የምትለው።»