ጋድ ቀን የመጣው ዶሮ ወጥ

የተያዝኩት ቀትር ላይ ነው፣ ቴፒ አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ። ታጥቦ በሽቦ አልጋ ላይ ከተሰጣው ቡና የተሰበረውንና የጠቆረውን እየለቀምን እናወጣ ነበር። ሁለት ሰዎች መጥተው ስሜን ጠሩ። በዚያ ሁሉ ሴት መሀል ስሜ ሲጠራ ከፈራሁት ይልቅ ያፈርኩት ይበልጣል። "እኔ ነኝ" ለማለት ድምፄ እምቢ ስላለኝ እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ።

መኪና ውስጥ "ወንድምሽ የት ነው?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

አውቅ ነበር። ወንድሜ ስብሰባ ላይ ተነስቶ አንድ ጥያቄ ጠይቋል። ረጅም ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ይፈልጉት ነበርና ከአገራችን ከጌጫ ወዲያ፣ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ የእናታችን አጎት ጋ ገባ። ይህን የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነን።

ሚዛን ከተማ፣ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። የሴቶቹ ክፍል ድሮ በኮንትሮባንድ የተያዘ ቡና የሚከማችበት መጋዘን ነበር። ቡናው ከወጣ ቆይቷል፤ የጀንፈሉ፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና ሽታ ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። በሩ ሲከፈት ያ ሽታ ስለተቀበለኝ ለአፍታ ሥራ ቦታ የተመለስኩ መሰለኝ። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠውን የሽንት ባልዲ አየሁት።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንላት፣ እዚያው አጠገብ አማን ከተማ ውስጥ ሱቅ የነበራት የአገሩ ተወላጅ ናት። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ጠዋት ጠዋት መዝሙር ትዘምራለች። ሁለት ደንብ ነገረችኝ። "አዲስ ገቢ ባልዲው ጋ ይተኛል፣ ሌላ አዲስ እስኪመጣ። እኔም ተኝቼበታለሁ፣ አትቀየሚ። ሁለተኛ፣ እዚህ ማንም የማንንም ጉዳይ አይጠይቅም። የሚጠይቅ ሰው ጆሮ ነው።" ጆሮ ማለት ወሬ ለቅሞ ለፖሊስ የሚያቀብል ማለት ነው።

ለኔ የተመቸ ደንብ ነበር። ድሮም ቃል ከአፌ አይወጣም። ስድስተኛ ክፍል ሳቋርጥ አስተማሪዬ መቅረቴን ያወቀው ከሳምንት በኋላ ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ አልመጣችም፤ ከመጣች ስትመለስ ተከትለዋት እንደሚሄዱ ታውቃለች። ስለዚህ ካቦዋ ከራሷ ስንቅ እየቆረሰች ታበላኝ ነበር።

መርማሪው አልመታኝም። አንድ ቀን ብቻ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ፣ "ለኛ ካልነገርሽ ለሌላ ሰው ትነግሪያለሽ። ሰው እንዲህ ዝም ብሎ አይከርምም" አለኝ። ረጋ ብሎ ስለተናገረው ከጩኸት ይልቅ ፈራሁት። ከዚያ በኋላ የሚቀርበኝን ሰው ሁሉ ያ "ሌላ ሰው" ይሆን እያልኩ አይ ነበር።

የገና ዋዜማ ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ገባች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ነጠላዋ ንጹህ ነው፤ ሽንኩርትና በርበሬ ይሸታል። ቆማ ዙሪያዋን አየችና ማንም ሳይጠይቃት፣

"በዶሮ ወጥ ነው የታሰርኩት" አለች።

ክፍሉ ሳቀ። የኮሌጅ ተማሪ የሆነችው ልጅ፣ "ዶሮዋን ሰርቀው ነው እትዬ?" አለቻት።

"ኧረ ልጄ፣ ከገበያ ገዝቼ፣ ጎረቤት አርዶልኝ!"

ነገሩን አስረዳችን። እስረኛ ጋ ስንቅ የሚያመጣ ሰው ከየዓይነቱ በፖሊሱ ፊት መቅመስ አለበት። ሴትዮዋ ዶሮ ወጥ ሠርታ ይዛ መጣች፤ በበዓሉ ቀን ጠያቂ አይገባም ስለተባለ ዋዜማውን ነው የመጣችው። ፖሊሱ "ቅመሺ" አላት። "ዛሬ ጋድ ነው፣ ጾም ነው፣ እንዴት ዶሮ እቀምሳለሁ?" አለችው። እሱ ደግሞ ጾም የማያውቅ የጴንጤ ልጅ ነው። "የማትቀምሺው ምን ብታደርጊበት ነው?" ብሎ ለአለቃው ነገረ። አለቃው፣ እስክትቀምስ እዚህ ትቆይ አለ።

"ለማን ነው ያመጣሽው?" አለች ካቦዋ። አሁን አልሳቀችም።

"ጠያቂ ለሌላት። ለገና ለገና፣ ጠያቂ ለሌለው ለአንድ ሰው አመጣለሁ። በሩ ላይ ስጠይቅ ከጌጫ የመጣች አንዲት ልጅ አለች አሉኝ።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከጌጫ መምጣቴን ለክፍሉ ተናግሬ አላውቅም። የሚያውቁት ፖሊሶቹ ብቻ ናቸው።

በደንቡ መሠረት ሴትዮዋ ባልዲው ጋ ተቀመጠች፤ እኔ አንድ ቦታ ከፍ አልኩ። እንዲህ ሆኖ ትከሻ ለትከሻ ገጠምን። ተማሪዋ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ "አንድ ጊዜ ቀምሳ መውጣት ትችላለች። ወዶ እዚህ የሚቀመጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ጆሮ ናት። የመጣችውም ላንቺ ነው" አለችኝ። እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሱ በመስኮቱ ብቅ አለ። ወጣት ነው፤ ነገሩ እየከበደው የመጣ ይመስላል።

"እማማ፣ አሁንም አይቀምሱም? ይቅመሱና ቤትዎ ይሂዱ እንጂ፣ ነገ በዓል ነው።"

"ነገ እቀምሳለሁ ልጄ። ዶሮው አይሸሽም።"

"በጌታ!" አለች ካቦዋ። "ለአንድ ጣት ወጥ ብለሽ ነው ባልዲ ጋ የምታድሪው? እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው።"

"ይየው። እምቢ ያለውም ልቤ ነው።"

ካቦዋ ፈገግታዋን በእጅዋ ሸፈነች። ተማሪዋ ግን አልለቀቀቻትም። ሲመሽ፣ ለቆጠራ ከመምጣታቸው በፊት፣ ስለ ልደት ወሬ ተነሳ። ሴትዮዋ ባልዲውን አየት አድርጋ፣ "እሱም የተኛው በረት ነው" ስትል ተማሪዋ ቀበል አደረገች።

"በረት ይሻላል እትዬ። ከላም ጋር መተኛት ከኛ ጋር ከመተኛት ይሻላል። ቆይ ግን፣ ለምን መጣ? መላእክት ሞልተውት የለ? መልእክት መላክ አይበቃም ነበር? እኔ ወዶ እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚመጣ ሰው አላምንም።"

ጥያቄው ስለ ጌታ ብቻ እንዳልነበር ሁላችንም ገብቶናል።

"ስለ ኃጢአታችን ነዋ" አለች ካቦዋ። "ወደ እሱ መውጣት ስላልቻልን ወረደ። ይሄ ለሕፃን የሚነገር ነው።"

"መልእክትማ ስንት ጊዜ ላከ" አለች ሴትዮዋ። "ነቢያት ሁሉ መልእክት ነበሩ። መልእክት ግን በር ላይ ይቀራል። ይኸው የኔ ወጥ እዚያ በር ላይ ቀርቶ የለ? እኔ ብቻ ገባሁ።" ራሷ በነገሩ ሳቀች። "የተወለደው በቆጠራ ጊዜ ነው። ንጉሥ ሕዝብ ይቆጠር ብሎ፣ ሰው ሁሉ ለመቆጠር ሲሄድ። ለኔ የሚገርመኝ እሱ ነው። አምላክ ሆኖ ከሰው ጋር ተቆጠረ። አንድ ተብሎ።"

ያን ጊዜ ፖሊሱ በሩን ከፍቶ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረን። ትናንት ዘጠኝ ነበርን። አሥር አለና ዘጋው።

ንግግሯ ውስጤ ገባ። ያስፈራኝም ይኸው ነው። ለስለስ ያለ ነገር እንዳይጥለኝ ነበር የምጠነቀቀው። ያን ጊዜ ወደኔ ዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"አንቺስ ልጄ፣ ምነው ምንም አትናገሪም? እናትሽ የት ናቸው? እህት ወንድም የለሽም?" አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ጌጫ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ለገና ድራማ እንሠራ ነበር። እኔ ዓይን አፋር ስለሆንኩ በየዓመቱ በግ ነበርኩ። በግ ምንም አይናገርም፤ በግርግሙ አጠገብ በአራት እግሩ ሆኖ የሌሎቹን ንግግር ይሰማል። እንዲሁ እየሰማሁ የሁሉንም በቃሌ ይዤው ነበር። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ።

"ሄሮድስም፣ ሕፃኑ የት እንዳለ ንገሩኝ፣ እኔም ሄጄ ልስገድለት፣ ብሎ ነበር።"

"ውይ!" አለች ተማሪዋ። ካቦዋ፣ "ይቺ ልጅ አፍ አላት ለካ!" አለች።

ሴትዮዋ ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችም።

"እውነትሽን ነው" አለች። "ሰብአ ሰገልም አልነገሩትም። በሌላ መንገድ ነው የተመለሱት። አንቺም አትንገሪኝ። ዳግመኛ ብጠይቅሽም እንዳትነግሪኝ።"

ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ባልዲው አዙራ ተኛች። እኔ ግን፣ ብልህ የሆነ ጆሮም እንዲህ ይላል፣ ብዬ አሰብኩ።

ሲነጋ ከአንድ በኩል ከበሮ፣ ከሌላ በኩል የመዝሙር ድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር። ፖሊሱ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጁ ይዞ ገባና መሀል ላይ አስቀመጠው።

"ይኸው ጾሙ ተፈታ። ይቅመሱና ይሂዱ።"

ክዳኑን ከፈተው። ቅባቱ ረግቶ ከላይ ቀይ ሆኗል፤ እንቁላሎቹ በከፊል ይታያሉ። ለሃያ ቀን ያህል እንዲህ ያለ ምግብ አላየንም፤ ግን አንድም እጅ አልተዘረጋም። ካቦዋ እንኳ ወደኋላ ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። ሁሉም የሴትዮዋን እጅ ይጠብቃል። እሷ አማተበችና እንጀራ ቆረሰች።

እኔም ከሚያፈጡት አንዷ ነበርኩ። ሴትዮዋ ቀኑንና ሌሊቱን ባልዲ ጋ ተኝታ፣ አሁን ደግሞ ያመጣችልኝ ምግብ መርዝ እንዳልሆነ በኔ ፊት ጎርሳ ልታሳይ ነው። ሳድግ ብዙ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያ ያለ እፍረት ግን አላውቅም ነበር። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ፣ እጅዋ አፏ ጋ ሳይደርስ፣ ከምሳ ዕቃው ቆርሼ ጎረስኩ።

"መቅመስ የለባቸውም" አልኩት ፖሊሱን። "የመጣው ለኔ ነው።"

"ብትሞቺ እኔ የለሁበትም!" አለ ደንግጦ።

አልሞትኩም። ግን ጨው! ሁለት ጊዜ የገባ ጨው ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የሚጾም ሰው ሲያበስል ወጡን አይቀምስም፣ በማሽተት ነው የሚገምተው። ሴትዮዋ ጨው መጨመራቸውን ረስተው ደግመውበታል፤ ሳይቀምሱም ከድነው ይዘው መጥተዋል። የሚጾም ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው።

"እንዴት ነው ልጄ?" አሉኝ ሴትዮዋ። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነበር። "ጨው ያዘለት?"

"ይጣፍጣል" አልኳቸው።

ካቦዋ ተነስታ መጣችና ጎረሰች። ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ። አየችኝ፤ አየኋት። "በጌታ፣ ይጣፍጣል!" አለችና ውሃውን ሳበች። ተማሪዋም ጎርሳ አሳላት፤ "በርበሬው ነው" አለች። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ቀመሱ።

"ውይ በሞትኩት! ጨው ደግሜበታለሁ!"

ያን ጊዜ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፖሊሱም ሳቀ። ውሃ እየጠጣን እስከ መጨረሻው በላነው። እኔ አጎረስኳቸው፤ እሳቸውም አጎረሱኝ። አንቱ ማለት የጀመርኩት ከዚያች ጠዋት ወዲህ ነው።

ሲወጡ ባዶውን ምሳ ዕቃ አንስተው፣ "እንኳን አደረሳችሁ" ብቻ አሉ። እኔን ምንም አልጠየቁኝም፤ እኔም ስለ ወንድሜ ምንም አልነገርኳቸውም። ጨው መደገማቸው መጾማቸውን ያረጋግጣል። ከዚያ ያለፈ ነገር አያረጋግጥም፤ ጆሮም ይጾማል። ብዙ ጊዜ አስቤበት እስካሁን የደረስኩት እዚህ ድረስ ነው። እንደዚያም ሆኖ በማጉረሴ አልተጸጸትኩም። ባለማውራቴም አልተጸጸትኩም።

ከወር በኋላ ለቀቁኝ። ወንድሜን አላገኙትም፤ ነገሩ ሲበርድ ራሱ ወጣ፤ ዛሬ የራሱን ቀፎ ይሰቅላል። ሴትዮዋን ሚዛን ውስጥ ፈልጌ አጣኋቸው። አንዲት ሴት ወደ ማሻ ሄደዋል አለችኝ፤ ሌላዋ እንዲህ ያለች ሴት አናውቅም አለችኝ።

አሁን አማን፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ቡና እለቅማለሁ። ለገና ለገና ዶሮ ወጥ እሠራና ጣቢያው በር ላይ ጠያቂ የሌላት ሴት እንዳለች እጠይቃለሁ። ዛሬ ዛሬ በበዓሉ ቀንም ስለሚቀበሉ የምሄደው ጠዋት ነው። ፖሊሱ "ቅመሺ" ይለኛል፤ እቀምሳለሁ። ስሟን አልጠይቅም፣ አገሯንም አልጠይቅም። ውስጥ ሆና "ማን ናት? ማን ላካት?" እንደምትል አውቃለሁ፤ አልቀየማትም።

ምሳ ዕቃውን አቀብዬ ስመለስ ሁልጊዜ ያ የምሽት ቆጠራ ትዝ ይለኛል። እኔ የምደርሰው እስከ በሩ ነው። ጌታ ግን ገብቶ ተቆጠረ።