እትዬ ራድያ እና ያላመመኝ ጉልበት

ባለፈው ክረምት በአትክልት ተራ በኩል ሳቋርጥ የአንድ መጋዘን በር ተከፈተና የሙዝና የላምባ ሽታ ተቀላቅሎ ፊቴን መታኝ። በልጅነቴ ሙዝ የሚበስለው እንዲህ ነበር። ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና የመጣው ጥሬ ሙዝ መስኮት በሌለው ክፍል ይደረደራል፤ የላምባ ምድጃ ይለኮስና በሩ ይዘጋል። ሽታውን ስስብ መንገድ መሃል ቆሜ ቀርቻለሁ። አንድ ባለጋሪ ከኋላዬ «ወንድም፣ አሳልፈኝ እንጂ» ሲለኝ ነው ዳር የያዝኩት። እኔ ግን እትዬ ራድያን እያሰብኩ ነበር።

እትዬ ራድያ የሙዝ አከፋፋይ ነበሩ፤ ከእኛ ግቢ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የሚዋሰኑ ጎረቤታችን። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያስራሉ፣ ከቀሚሳቸው ላይ የወንድ ሹራብ ይደርባሉ፣ ክረምት ከበጋ ቦቲ ጫማ አይለያቸውም። ጎህ ሳይቀድ ከነጋዴ ጋር መከራከር ስለሚጀምሩ ድምፃቸው ሁልጊዜ ጎርነን ያለ ነበር።

የሰፈራችን ቡድን የእሳቸው የሆነው በኳሳችን ምክንያት ነው። ኳሱ የመጋዘናቸውን ቆርቆሮ እየደበደበ ሲያስቸግራቸው አንድ ቀን ብቅ አሉ። እግሬ አውጪኝ ስንል መልሰው ጠሩንና በረኛው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጀማል እጁን አወጣ። መዳፉ በጠጠር ተላልጦ ነበር። በሳምንቱ ጓንት መጣለት፤ ወር ሳይሞላ ለሁላችንም ማሊያ አሰፉልን፤ ቢጫ። ሙዝ ነጋዴ ሌላ ምን ቀለም ይመርጣል።

ስለ ኳስ ብዙም አያውቁም ነበር። «ኦፍሳይድ» የሚባለውን ነገር እስከ መጨረሻው አልተቀበሉትም። እሁድ እሁድ ግን ከሜዳው ዳር በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ነጠብጣብ ማውጣት የጀመረውን ሙዝ ያድላሉ፤ ቀድመው የሚጠሩትም ጎል ያገባውን ሳይሆን ተቀይሮ ሳይገባ የዋለውን ነው።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ትልቅ ክለብ ለወጣት ቡድኑ መረጠኝ፤ ዓመት ሳይሞላም አስፈርሞ ወደ ዋናው ቡድን አሳደገኝ። በግራ እግሬ ነበር የምጫወተው፤ እንዲህ ያለ ተጫዋች እንደ ልብ አይገኝም አሉ። የክለቡን ቱታ ለብሼ ሰፈር የገባሁ ቀን ስሜ ተቀየረ። ብንያም መሆኔ ቀርቶ «ፈራሚው» ሆንኩ። ፀጉር አስተካካዩ ከፊት የተቀመጠውን አስነስቶ እኔን ያስቀድማል፤ ወያላው በሩን ይዞ «ፕሮፌሽናል፣ ግባ» ይለኛል። ሸማ ተራ ነጠላ የምትሸጠው እናቴም ደንበኞቿ «የተጫዋቹ እናት» ሲሏት አንገቷ ቀና ይል ጀመር። ደስ ብሎኝ ነበር። አልዋሽም፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ውድድሩ ተጀመረና እኔ አልተሰለፍኩም። ጨዋታ በመጣ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ይሰበሰባል፤ ካሜራው ተቀያሪዎቹን ሲያሳይ እንኳ እኔ የለሁም። ከክለቡ ካምፕ ቤት ስመጣ ጥያቄው ከአስፋልቱ ይጀምርና እስከ ቤታችን በር ይከተለኛል። እናቴ የሰው ዓይን ሲከብዳት ለአንዷ ደንበኛዋ «ጉልበቱን አሞት እኮ ነው» አለች። ወሬው ከሸማ ተራ እኔን ቀድሞኝ ሰፈር ገባ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ስመጣ ማነከስ ግድ ሆነብኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በእትዬ ራድያ መጋዘን በር እያነከስኩ ሳልፍ ጠሩኝ።

«በሩን ገርበብ አድርገውና ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። «ባለፈው ቅዳሜ ያነከስከው በቀኝህ ነበር። ዛሬ ደግሞ ግራህ ነው። የትኛው ነው የሚያምህ?»

ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ሳቁ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። እሳቸው ፊታቸውን አዙረው ሙዛቸውን መደርደር ቀጠሉ።

«አንዱም አያመኝም» አልኳቸው። «አያሰልፉኝም እትዬ። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር የምለው ይጠፋኛል።»

«ኳሱን ጠላኸው?»

«አልጠላሁትም።»

«ልምምድ ትሄዳለህ?»

«አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን አጠፋህ?»

«ሰፈሩ ምን ይለኛል?»

«ዛሬ ያማሃል» አሉ። «ነገ የሽንኩርት ዋጋ ይጨምራል፣ ያንን ያማል።»

ተያይዘን ስንወጣ ከበሩ ላይ ጋሽ ደምሴን አገኘናቸው። ዕቃ ተሸካሚ ናቸው፤ የእኔን ጨዋታ እጠብቃለሁ ብለው ስንቱን እሁድ ሥራ የፈቱ ሰው። «ፈራሚው፣ ጉልበትህ ተሻለህ?» አሉኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት እትዬ ራድያ በዚያ በገበያ ድምፃቸው መለሱ። «ጉልበቱስ ደህና ነው። አሰልጣኙ ገና አላሰለፈውም፤ ተራውን እየጠበቀ ነው።»

የመንደሩ ሰው ሁሉ የሰማ መሰለኝ። ጋሽ ደምሴ ግን ትከሻቸው ላይ ያለውን ጆንያ አመቻቹና «እኛስ ከንጋት ጀምሮ ተራ እየጠበቅን አይደል» አሉ። «ዋናው ጤና ነው።» ይህን ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔም በሁለት ጤነኛ እግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማምሻውን እትዬ ራድያ እናቴን አነጋገሯት። ደስ አላላትም፤ ለጥቂት ቀናት አኩርፋቸው ነበር። በኋላ ግን ለደንበኞቿ እውነቱን ራሷ መናገር ጀመረች፤ እኔም ቤት ስመጣ በአስፋልቱ በኩል ሳልሸማቀቅ አልፍ ጀመር።

ያ ተራ በዚያ ክለብ አልደረሰኝም። በሁለተኛው ዓመት አሰናበቱኝ፤ ክፍለ ሀገር ያለ አንድ ትንሽ ክለብ ወሰደኝ። በምሄድበት ጠዋት እትዬ ራድያ ገበያቸውን ለሰው አደራ ሰጥተው አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። «ወረድኩ ብለህ እንዳታወራ» አሉኝ ቦርሳዬን እያቀበሉኝ። «ወደምጫወትበት ሄድኩ በል።» እውነትም ተጫወትኩ። እስከ ሠላሳዎቹ ዕድሜዬ ድረስ በየሳምንቱ ሜዳ ገባሁ፤ በዚያው ከተማ ትዳር ይዤ ወለድኩ፤ ዛሬም ከኳስ በተገኘ እንጀራ እኖራለሁ።

እትዬ ራድያ ያረፉት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የድሮዎቹ የቡድኑ ልጆች ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ከመካከላችን ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ የኖረ አለ፣ ታክሲ የሚነዳ አለ። ሩዙ ቀርቦ እየበላን ሳለ በረኛው ጀማል «ሱቄን እኮ ዘጋሁት» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው፣ ድምፁንም ዝቅ ሳያደርግ። «አልሆነልኝም።» አንዳችንም አልደነገጥንም፤ አንዳችንም ልናጽናናው አልተጣደፍንም። አጠገቡ የነበረው ሳህኑን ገፋ አደረገለትና «ነገ የት ነህ? አብረን እንውላለን» አለው። ጀማልም «እሺ» ብሎ መብላቱን ቀጠለ።